ለእስክሪብቶም ለኪቦርድም

ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ወረቀቱ ኤ4፣ 210 በ297 ሚሊ ሜትር። የግራ ሕዳጉ 30 ሚሊ ሜትር፣ የቀኙ 15፣ የላይና የታቹ ሃያ ሃያ። ለሥራ የቀረው ሜዳ 165 በ257 ነው። ርዕሱ «የጠፋ የመሬት ይዞታ ደብተር ምትክ መጠየቂያ» ይላል። የየትኛውም መሥሪያ ቤት ይፋዊ ቅጽ አይደለም፤ እንደ አልዩ አምባ ላለ ከተማ እንዲሆን የተሠራ ናሙና ነው። የሠሪው ስም የለበትም። ባለጉዳዩ ይፈርምበታል፣ ምስክሩ ይፈርምበታል፣ ኃላፊው ይፈርምበታል፤ የሠራው ሰው ግን አይፈርምበትም። ሙያው እንዲህ ያለ ሙያ ነው።

ሥራው ሁለት ነው። ኮምፒውተር ላይ በማይክሮሶፍት ወርድ ተከፍቶ በኪቦርድ ይሞላል። ባዶውን ታትሞና በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ደግሞ በእስክሪብቶ ይሞላል። ፋይሉ ያው አንድ ነው። መብራት ባለበት ሰዓት ጸሐፊዋ ትተይበዋለች፤ መብራት ሲሄድ ከቆላ ወጥቶ የመጣ ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» እንዳይባል ባዶው ከመሳቢያ ይወጣል። አብዛኛው ቅጽ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚችለው። ስክሪን ላይ ያማረው ሲታተም የእጅ ጽሑፍ የሚይዝ ቦታ የለውም። ለእጅ የተሠራው ደግሞ ሲተየብበት መስመሩ ይሸሻል፣ ፊርማው ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል።

ይህን የሠራው ሰው ከወረቀቱ መጀመሩ ያስታውቃል። ኮምፒውተር ላይ የተሞላውም ቢሆን መጨረሻው ወረቀት ነውና፤ ጉርድ ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል፣ አሻራ ያርፍበታል፣ ቲተርና ክብ ማህተም ይመታበታል። ስለዚህ ልኩን የሚወስነው እጅ ነው። በእጅ ልክ የተሠራ ቦታ ኪቦርድም ይበቃዋል፤ በኪቦርድ ልክ የተሠራ ቦታ ግን እጅ አይገባበትም።

አልዩ አምባ ከአንኮበር በታች፣ ወደ ቆላው በሚወርደው ገደላማ መንገድ ላይ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣ ነጋዴ ወደ ሸዋ ሲዘልቅ የሚያርፍባት፣ ሸቀጡን የሚያስቆጥርባትና ቀረጥ የሚከፍልባት በር ነበረች። እንግሊዛዊው ሻምበል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ አንኮበር የወጣው በዚያው በኩል ነው፤ ተከትሎት የመጣው ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ እዚያው ከተማ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። ዛሬ በአንኮበር ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሙስሊምና ክርስቲያን፣ አማራና አርጎባ አብሮ የሚኖርባት ናት፤ ይህ ደግሞ ለቅጽ ሠሪ የስም ርዝመት ጉዳይ ይሆናል።

አማርኛ በእጅ ሲጻፍ ፊደሉ አይቀጣጠልም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። ሳይጣደፍ የሚጽፍ ሰው ለአንድ ፊደል 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳል። «አብዱልቃድር» ሰባት ፊደል ነው፣ 42 ሚሊ ሜትር። «ገብረ እግዚአብሔር» አሥር ነው፤ ከመሐል ክፍተቱ ጋር 66። ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በአንድ መስመር ጎን ለጎን ቢደረደሩ ለእያንዳንዱ 55 ይደርሰዋል። አብዱልቃድር ይገባል፣ ገብረ እግዚአብሔር አይገባም። ስለዚህ ሦስቱ አንዱ ከአንዱ በታች ሆነዋል።

ነገር ግን ባለይዞታው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የገጠር መሬት ምዝገባ ባልና ሚስት በአንድ ደብተር በጋራ ይመዘገባሉ። ቅጹም ሁለት እኩል የስም ክፍል አለው፤ ግራና ቀኝ፣ እያንዳንዱ 82.5 ሚሊ ሜትር። በሁለቱም ራስ ላይ የተጻፈው «ባለይዞታ» ብቻ ነው። «ባል» እና «ሚስት» ቢባል ኖሮ ባሏ የሞተባት ሴት የመጀመሪያውን ክፍል ባዶ ትታ ከሁለተኛው ትጀምር ነበር። መለያ ጽሑፉ ከባዶው ጎን ሳይሆን ከላዩ ነው፤ በ8 ነጥብ ፊደል፣ 5 ሚሊ ሜትር ከፍታ ባለው ጠባብ ረድፍ። ከሥሩ 9 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው የመጻፊያ ረድፍ ይከተላል። አምስትና ዘጠኝ አሥራ አራት፣ ለሦስት ስም አርባ ሁለት። ባዶው ሙሉ ስፋቱን ይዞ ስለቀረ ረጅሙ ስም ገብቶ 16 ሚሊ ሜትር ይተርፋል።

እዚህ ጋ ስክሪኑ የራሱን ጥያቄ ያነሣል። ቅጽ በኪቦርድ ሲሞላ ከቦታ ወደ ቦታ የሚወስደው የታብ ቁልፍ ነው። ታብ በሰንጠረዥ ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ሰንጠረዥ ቢሠሩ የባል ስም ከተጻፈ በኋላ ጠቋሚው ወደ ሚስት ስም ይዘላል፣ ከዚያ ወደ ባል አባት፣ ከዚያ ወደ ሚስት አባት። ሰው ግን እንዲህ አይጠየቅም። ጸሐፊዋ «አባባ፣ ስምዎ? የአባትዎ? የአያትዎስ?» ብላ ትጨርስና ወደ ባለቤታቸው ትዞራለች። ስለዚህ ሠሪው አንድ ትልቅ ረድፍ ከሁለት ክፍል ሠርቶ በየክፍሉ ውስጥ ሌላ ትንሽ ሰንጠረዥ አስገብቷል። ታብ አሁን የግራውን እስከ አያት ወርዶ ይጨርሳል፣ ከዚያ ወደ ቀኙ ይሻገራል።

ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ግን ወርድ አንድ ባሕርይ አለው። ከውስጠኛው ሰንጠረዥ በታች ባዶ አንቀጽ የግድ ያስቀምጣል፤ አይጠፋም። ካልተጠነቀቁ ያ ባዶ አንቀጽ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላል፣ ከሥሩ ያለውንም ሁሉ ይገፋል። እዚህ ፊደሉ 1 ነጥብ ተደርጓል፣ የመስመር ከፍታውም 1 ነጥብ። 42 ሚሊ ሜትር 119 ነጥብ ነው፤ በዚህ ላይ 1 ነጥብ ሲጨመር 120። የውጪው ረድፍ ከፍታ ሲታይ በትክክል 120 ነጥብ ይላል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሳገኝ ሠሪው ካልኩሌተር ይዞ እንደነበር አውቃለሁ።

ሁሉም ረድፍ ከፍታው የተቆረጠ ነው። ወርድ ለረድፍ ከፍታ ሁለት ምርጫ ይሰጣል፤ «ቢያንስ ይህን ያህል» ወይም «ልክ ይህን ያህል»። የመጀመሪያው ጽሑፍ ሲበዛ ረድፉን ያሳድጋል፣ ሁለተኛው አያሳድግም። ቅጹ ሁለተኛውን ይዟል። ዓምዶቹም በይዘታቸው ልክ እንዳይሰፉ ተደርገዋል። የአርጎባ ሸማኔ ማጉን ከመወርወሩ በፊት ድሩን ወጥሮ እንደሚጨርስ፣ እዚህም ሰንጠረዡ ተወጥሮ ካለቀ በኋላ ነው ፊደል የገባው። የመጻፊያው መስመር የረድፉ የታችኛው ጠርዝ ራሱ ነው። የሰረዝ ቁልፍ እየተደጋገመ ተመትቶ የተሠራ መስመር አንድም ቦታ የለም፤ እንደዚያ ያለው መስመር ሲተየብበት ወደ ቀኝ እየተገፋ ወደ ታች ይሰበራል።

ስለ መሙያ ቦታዎቹ። ወርድ አዲስና አሮጌ ሁለት ዓይነት መሙያ አለው። አዲሱ ባዶ ሲሆን ውስጡ «እዚህ ተጭነው ጽሑፍ ያስገቡ» የሚል ግራጫ የእንግሊዝኛ ማሳሰቢያ ይይዛል። ሳይሞላ ቢታተም ማሳሰቢያው አብሮ ይታተማል፤ በእስክሪብቶ የሚሞላ ሰው ግራጫው ላይ ይጽፋል። ሠሪው አሮጌውን መርጧል፣ እኔም በዚህ ሥራ ላይ ይሻላል ባይ ነኝ። አሮጌው ባዶ ሲሆን የሚይዘው አምስት ክፍተት ብቻ ነው። ስክሪን ላይ ጸሐፊዋ እንድታየው ግራጫ ጥላ ይኖረዋል፣ ጥላው ግን አይታተምም። የፊደሉን ብዛትም መገደብ ይቻላል፤ ለስም ሃያ ተደርጓል፣ ረድፉ ስለማያድግ የተቆረጠ ጽሑፍ እንዳይደበቅ። አሮጌው የሚሠራው ሰነዱ ለመሙላት ብቻ ተብሎ ሲቆለፍ ነው፤ መለያ ጽሑፎቹም በዚያው ከስሕተት ይጠበቃሉ።

ተቆልቋይ ዝርዝር አንድም የለም። በአሮጌው መሙያ ተቆልቋይ ዝርዝር ካልተነካ የመጀመሪያውን ቃል ያሳያል፤ ባዶው ቅጽ ሲታተም «የጋብቻ ሁኔታ» ፊት ለፊት ለሁሉም ሰው «ያላገባ» ተብሎ ይወጣል። በዝርዝሩ ፋንታ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሣጥኖች አሉ፤ ያላገባ፣ ያገባ፣ የፈታ፣ የሞተበት። የሣጥኑ ልክ በራሱ እንዲወሰን አልተተወም፤ በትክክል 14 ነጥብ ተብሏል። ይህ 5 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፤ ወፍራም እስክሪብቶ የያዘ እጅ ምልክቱን ወደ ጎረቤት ሣጥን ሳያሻግር የሚያደርግበት መጠን።

ቀኑ በሦስት ተከፍሏል። ወርድ በአዲሱ መሙያ የቀን መምረጫ ይሰጣል፣ ግን የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። አሮጌው የቀን መሙያም ያው ነው፤ ጥቅምት 30 ቀን 2016 በቁጥር 30/2/2016 ተብሎ ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 መስሎት አይቀበለውም። ስለዚህ ሦስቱም ተራ የጽሑፍ መሙያ ናቸው። ቀኑ ሁለት አኃዝ፣ 12 ሚሊ ሜትር። ዓመቱ አራት አኃዝ፣ 24 ሚሊ ሜትር፤ ከአጠገቡ «ዓ.ም.» ታትሟል። የወሩ ቦታ 30 ሚሊ ሜትር መሆኑ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ ለሁለት አኃዝ ይበዛል። አንዱ ሰው ግን «1» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «መስከረም» ብሎ። መስከረም አምስት ፊደል ነው፤ ከአሥራ ሦስቱ ወሮች በፊደል ብዛት የሚበልጠው የለም። አምስት በስድስት ሠላሳ። ስክሪን ላይም የፊደሉ ገደብ አምስት ነው።

ከሁሉ ያቆየኝ የምክንያቱ ሣጥን ነው። «ደብተሩ የጠፋበት ሁኔታ» ይላል፤ 165 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 36 ከፍታ። በእጅ ለሚጽፍ ሰው አራት መስመር ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ጽሑፉ ይንጋደዳል። አራት ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ቢሠራ ለእጅ ይመች ነበር፤ ለኪቦርድ ግን አይሆንም። አንድ መሙያ ከረድፍ ወደ ረድፍ አይፈስም፤ ጸሐፊዋ ዓረፍተ ነገሩን ራሷ እየቆረጠች በአራት መሙያ ማስገባት ይኖርባታል። አንድ ትልቅ ክፍል ቢሆን ደግሞ መስመር አይኖረውም። ሠሪው ክፍሉን አንድ አድርጎ መስመሮቹን ሌላ ቦታ ሣላቸው፤ በገጹ ራስጌ ውስጥ። የራስጌ ነገር የግድ ገጹ አናት ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ከራስጌ የተሰቀለ መስመር የትም ሊያርፍ ይችላል፣ ከሰውነቱ ጽሑፍ በስተኋላ ይቆማል፣ ሰነዱ ሲሞላ አይነቃነቅም። አራቱ መስመሮች ከወረቀቱ ጫፍ 145፣ 154፣ 163 እና 172 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው። ስክሪን ላይ ደብዝዘው ይታያሉ፣ ሲታተሙ ጥቁር ናቸው።

አሁን የሚተየበው ጽሑፍ መስመሩ ላይ እንዲቀመጥ የሚያደርግ አንድ ነገር ቀርቷል። የክፍሉ የመስመር ከፍታ በትክክል 25.5 ነጥብ ተደርጓል። 25.5 ነጥብ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ ፀጉር አይሞላም። ጸሐፊዋ ስትተይብ ጽሑፉ በራሱ ይታጠፋል፣ እያንዳንዱም መስመር ከተሣለው ትንሽ ከፍ ብሎ ያርፋል። ከላይ ያለው የ1 ነጥብ አንቀጽ፣ የ120 ነጥቡ ረድፍ፣ ያልተለቀቀው ከፍታ ሁሉ ለዚህ ነበር። ከላይ አንዱ ረድፍ 3 ሚሊ ሜትር ቢያድግ አራቱም መስመሮች የተተየበውን ጽሑፍ መሐል ለመሐል ይሠርዙት ነበር።

ከዚያ በታች አዋሳኞቹ ናቸው። በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ፤ አራት ረድፍ፣ እያንዳንዱ 9 ሚሊ ሜትር። አንዳንዱ ቅጽ አዋሳኞችን በመስቀል ቅርጽ፣ በመሬቱ ዙሪያ አድርጎ ይሥላቸዋል። ለዓይን ደስ ይላል፣ ግን የሰሜኑና የደቡቡ ቦታ ይጠባል። እዚህ የተጻፈው «የአዋሳኝ ስም» ሳይሆን «አዋሳኝ» ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። በአንኮበር ቁልቁለት አዋሳኙ ሁልጊዜ ሰው አይደለም፤ ገደል ይሆናል፣ ወንዝ ይሆናል፣ መንገድ ይሆናል።

የወረቀቱን ጠባይ የሚመለከቱ ነገሮች ሳይታዩ ይታለፋሉ። የግራው ሕዳግ የሰፋው ለመብሻው ነው፤ የመብሻው ቀዳዳ መሐሉ ከወረቀቱ ጠርዝ 12 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል፣ ጽሑፉ ከ30 ይጀምራል፣ ቦክስ ፋይል ውስጥ ሲገባም ስም አይደበቅም። ግራጫ የተቀባ ቦታ የለም። ቅጽ በየከተማው የሚባዛው በፎቶ ኮፒ ነው፤ ኮፒው እንደገና ኮፒ ይደረጋል፣ በሦስተኛው ላይ ግራጫው ዝንብ ያረፈበት ይመስላል። መስመሩ ሁሉ ጥቁርና ግማሽ ነጥብ ነው፤ ከዚያ ቢቀጥን በኮፒው ይበጣጠሳል። ፊደሉ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ነው፤ በነፃ የሚገኝ፣ ዩኒኮድ የሆነ፣ ከፋይሉ ጋር አብሮ የተከተተ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ግን በቀድሞው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፉ ቅጾች ዛሬም አሉ፤ የፊደል ዓይነቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ሆነው ይወጣሉ።

ከላይ በቀኝ ሁለት የፎቶግራፍ ሣጥኖች አሉ። ጉርዱ 30 በ40 ነው፣ ሣጥኑ 31 በ41። አንዷ ሚሊ ሜትር በመቀስ ለሚቆርጥ እጅ የተተወች ናት። ከታች የፊርማው ክፍል 45 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው። ስፋቱ እንዲህ ተከፋፍሏል፤ ለሁለቱ ባለይዞታዎች ፊርማ ወይም የአውራ ጣት አሻራ ሠላሳ ሠላሳ፣ ለኃላፊው ፊርማና ቲተር 60፣ ለክቡ ማህተም 45። ድምሩ 165፣ ቅድም ያልነው ሜዳ። በእነዚህ ውስጥ መሙያ የለም፤ ታብ ዘሏቸው ያልፋል። ለአሻራውና ለፊርማው አንድ ሣጥን መሰጠቱ ተገቢ ይመስለኛል፤ የማይጽፍ ሰው ለብቻው ወደ ተለየ ሣጥን አይላክም።

ሥራውን የሚፈትኑበት መንገድ ቀላል ነው። አንዱን ባዶ አትሞ በእስክሪብቶ መሙላት፣ ሌላውን ስክሪን ላይ ሞልቶ ማተም፣ ሁለቱን ደርቦ በመስኮት ብርሃን ማየት። ጠርዝ ከጠርዝ ይገጥማል፣ ስም ከስም ሥር ይውላል፣ የምክንያቱ ጽሑፍም በአራቱ መስመር ላይ ነው።

ያልወደድኩት የምስክሩን ቦታ ነው። ከቀኑ ጋር አንድ ረድፍ ተጋርቷል። ከ165 ላይ ቀኑ 66 ወሰደ፣ ፊርማው 35፤ ለምስክሩ ሙሉ ስም እስከ አያት የቀረው 64 ሚሊ ሜትር ነው። ለባለይዞታው አንድ ስም 82.5 የሰጠ ሰው ለምስክሩ ሦስት ስም 64 ሰጠ። ገብረ እግዚአብሔር የሚባል ምስክር ቢመጣ የራሱ ስም ብቻውን አይገባለትም፤ አባቱና አያቱ ወደ ሕዳጉ ይወጣሉ።

የከፍታው ድምር ሲሠራ ግን ከ257 ላይ 247 ነው የተበላው። ከፊርማው በታች 10 ሚሊ ሜትር ባዶ አለ፣ አንድ ባለ 9 ረድፍ ያስገባል፤ ከአራቱ መስመሮች በታች ስለሆነ እዚያ የሚጨመር ነገር እነርሱን አይነካቸውም። መቆለፊያው የይለፍ ቃል የለውም። በግርጌው በ7 ነጥብ «ዕትም 2» ተብሎ ታትሟል።